«እንብላ» ስለው የበላው የኒውዮርክ ሰውዬ

ዛሬ ምሳዬን ሰው በልቶብኝ፣ ደክሞኝም ርቦኝም ቤት ገባሁ።

እዚህ ኦሃዮ፣ ሪከንባከር የሚባል ሰፈር፣ የምሠራበት ዌርሃውስ (የዕቃ መጋዘን) ውስጥ፣ ብሬክ ላይ ሽሮዬን ከፈትኩና እንዳሳደጉኝ አጠገቤ ላሉት ሁሉ «እንብላ» አልኩ። በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው እንግዲህ።

የኦሃዮ ልጆች እንደ ሁልጊዜው በፈገግታ «ኖ ቴንኪው! ሽታው ደስ ሲል!» አሉ። ትሁቶች ናቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም የምጋብዛቸው እምቢ እንደሚሉ እያወቅኩ ነው።

በቅርቡ ከኒውዮርክ የመጣው ሰውዬ ግን ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። «ሩድ ነው፣ ሥርዓት የለውም፣ የኒውዮርክ ሰው እንደዚህ ነው» እያሉ ልጆቹ የሚያሙት ሰውዬ ነው። ቆርሶ ጎረሰና «ጨው ያንሰዋል» አለኝ።

እንግዳ እንዲህ ይላል?

ቀጠለና «ማነው የሚሠራልህ?» አለኝ።

«ራሴ።»

«ብቻህን ነው እንዴ የምትኖረው?»

ደነገጥኩ። እነዚያ ጨዋዎቹ በየጠዋቱ «ሃው አር ዩ» ይሉኛል፤ መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ይህን ግን አንድም ቀን የጠየቀኝ የለም።

ሽሮዬን እስኪጨርስ ስንጫወት ብሬኩ አለቀ።

ነገ ለሁለት ሰው ነው የምቋጥረው፤ ጨዉንም አስተካክላለሁ።

እስቲ እናንተ ስቴት ያለው ሰው እንዴት ነው? «እንብላ» ስትሉት አምኗችሁ የተቀመጠ አለ?