የውዱእ በርጩማ

አባቴ የወደቀው እኔ ከሠራሁት በርጩማ ላይ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። ለጠያቂው ሁሉ የነገረው ሌላ ነው፤ ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ አዳልጦት እንደወደቀ ነው ሰፈሩ የሚያውቀው።

ሥራዬ የሒሳብ መምህርነት ነው፤ እንጨትና ብረት ደግሞ ሱሴ። ከቤታችን ጎን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ድሮ ፍየሎች ያድሩባት ነበር። መኪና ገብቶባት ባያውቅም ጎረቤቶቼ ለመቀለድ «ጋራዡ» ይሏታል። ውስጧ አንድ ሞርሳ፣ አንድ መላጊያ፣ ሁለት መጋዝ፣ አንድ ብረት መቁረጫ ግራይንደርና አንድ አሮጌ የብየዳ ማሽን አሉ። የቆቦ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ስለሚያግለው ማንም አይደፍራትም። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸሚዜን አውልቄ እገባለሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያች ክፍል ቀጥ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። መደርደሪያዬ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የሠራሁት በር ክረምት አይከፈትም፣ በጋ አይዘጋም። አባቴ እየዞረ ያያቸውና፣ «አንተ ልጅ፣ ተማሪዎቹንም እንዲህ ነው የምታስተምራቸው?» ይለኝ ነበር። እንዲህ እያለም የሠራሁትን ነገር ከማንም ቀድሞ የሚጠቀምበት እሱ ነው።

በጉልምስናው ግመል እየነዳ ወደ አፋር ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ዕድሜው ሲገፋ ጉልበቱ አልታጠፍ አለውና ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ እግሩን መታጠብ አቃተው። «በርጩማ ልሥራልህ» አልኩት። ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ከዚያ በፊት ላደርስለት ቸኮልኩ።

የኛ አገር አናጢ ከደጋ የወረደ እንጨት ሲገዛ ጥላ ውስጥ ቆልሎ ለወራት ያቆየዋል። የደጋ እንጨት ውሃ የጠጣ ነው፤ የቆላው ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተርና እግሩ ከገባበት ቀዳዳ ይላላል። ይህን አውቃለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ከመኪና የወረደውን ባሕር ዛፍ ገዝቼ በማግስቱ ላግኩት፤ እግሮቹን በመዶሻ እየመታሁ ጥብቅ አድርጌ አስገባኋቸው። ያን ቀን ሦስት ሰው ቢቀመጥበት የሚነቃነቅ አይመስልም ነበር። አባቴ ለመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ ነው የሠራልኝ» እያለ ያሳይ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔው የተፈታው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን እየተሰማ ነበር። የወደቀ ነገር ድምፅ ሰምቼ ስወጣ አባቴ ቧንቧው ሥር በጎኑ ተኝቷል። በርጩማው ተገልብጧል፤ አንዱ እግሩ ወልቆ ለብቻው ወድቋል። ሰው ልጣራ አፌን ስከፍት፣ «በርጩማውን አንሣው» አለኝ።

«ምን?»

«ሰው ሳይመጣ በርጩማውን አንሣው። ወደ ጋራዥህ ውሰደው።»

ታዘዝኩ። አባቴን ሳላነሣ በርጩማውን አነሣሁ። ዛሬም ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ነው፤ አልጠገንኩትም፣ አልማገድኩትም።

ሐኪሙ የዳሌው አጥንት እንደተሰበረና በዚህ ዕድሜው በደንብ እንደማይገጥም ነገረን። መቀመጥ ቻለ፤ መቆም ግን አልቻለም። አንድም ቀን አላማረረም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሌላው ሶላት እቤት ይበቃኛል። ጁምዓን ግን ከሰው ጋር ብሰግድ ደስ ይለኛል» አለኝ። መስጊዱ ሩቅ አይደለም፤ አዛን የሚያደርገው ሙአዚን ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳን እንሰማዋለን። በመካከላችን ግን የጎርፍ መውረጃ አለ። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ድንጋይ ቆልሎበት ባጃጅ አያልፈውም። አንድ ቀን በአስፋልቱ ዞረን በባጃጅ ልንወስደው ሞከርን፤ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ስላንገጫገጨው ሦስት ቀን አቃሰተ።

ያፈረስኩትን ራሴ እጠግናለሁ ብዬ ጋራዤ ገባሁ። በሁለት የብስክሌት ጎማና በቱቦላሬ ብረት ባለጎማ ወንበር ሠራሁ። የአባቴን ወገብ ለካሁ፣ የእግሩን ርዝመት ለካሁ፣ የክፍሉን በር ሳልለካ ቀረሁ። የሒሳብ መምህሩ የሠራው ወንበር በበር አልገባ አለ። ቆርጬ አጠበብኩትና በአባቴ ፋንታ ግማሽ ኩንታል ማሽላ አስቀምጬ ወደ መውረጃው ገፋሁት። ጎማዎቹ አሸዋው ውስጥ እስከ ኩሽኔታቸው ሰመጡ፤ ማሽላው በግንባሩ ተደፋ። ጆንያውን ታቅፌ ስመለስ አባቴ በመስኮት ያየኛል።

«ማሽላው ደረሰ?» አለኝ።

«መንገድ ላይ ወደቀ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔ አልነበርኩም» አለና ሳቀ። እኔ ግን ጋራዡ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ጎማውን ነቅዬ ጣልኩት። በመቀመጫው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦ በየድኩበት፤ አራት ሰው ትከሻው ላይ እንዲሸከመው አስቤ። ከግቢው በር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ነበረኝ፤ ቀባሁትና እንዲደርቅ ደጅ አቆምኩት። አባቴን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ጎረቤት ገና ስታየው አፏን በሻርፗ ይዛ ሳትገባ ተመለሰች። ምን እንደታያት የገባኝ እሷ ከሄደች በኋላ ነው። የመስጊዱ ቃሬዛ አረንጓዴ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ረጃጅም መሸከሚያ አለው። ማታ ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ «ሰውዬው በሕይወት እያለ ልጁ ቃሬዛ ሠራለት» ሲል ዋለ።

በማግስቱ ጧት የቅሬያችን ዳኛ ከሦስት ሰዎች ጋር መጡ። ቅሬ በኛ አገር ሬሳም ሲሆን በሽተኛም ሲሆን አብሮ የሚያነሣ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። እሳቸው ስለ ሟርቱ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ቅሬ እያለህ ለአባትህ ብቻህን ቃሬዛ የምትሠራው እኛ ሞተናል ወይ?» አሉኝ።

«ቃሬዛ አይደለም፤ ወንበር ነው።»

«ይሁንልህ። አራት ሰው የሚፈልግ ወንበር ሠርተህ አንድ ሰው አልጠራህም።»

ሰው ከጠራሁ «እንዴት ወደቀ?» ይሉኛል፤ ከጠየቁኝ እዋሻለሁ ወይም እናገራለሁ፤ ሁለቱንም አልቻልኩም። አባቴ ከውስጥ ጠራቸው።

«በቃሬዛም በአልጋም ተኝቼ መስጊድ አልገባም» አላቸው። «ተኝቼ የምገባበት ቀን ራሱ ይመጣል። ልጄ በሠራው ላይ ተቀምጬ ነው የምሄደው።»

«አብሽር፣ አይዞህ፤ ጁምዓ እንመጣለን» አሉት ዳኛው።

መጡም። ያን ቀን አባቴ ነጭ ጀለቢያውንና ነጭ ኮፍያውን አድርጎ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። አራቱ ሲያነሡት እኔ ጫማውን ይዤ ከጎኑ ሄድኩ። ዓይኔ ከብየዳው ላይ አልተነቀለም። በግራ በኩል ያለውን የበየድኩት መብራት እየሄደ ሲመጣ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ወደ ውስጥ ግን አልዘለቀም። መሞረድና ደግሞ መበየድ ነበረብኝ። በዚያ ፋንታ ቀለም ቀባሁት።

የመውረጃው መካከል ላይ ስንደርስ ተላቀቀ። አባቴ ወደ ግራ ሲንሸራተት ዳኛው በደረታቸው ተቀበሉት። መሬት አልነካም። መጀመሪያ የተናገረው አባቴ ነው።

«እኔ ነኝ፤ ወዝወዝ አልኩባችሁ» አለ።

በዚህኛው ማንም አላመነውም። የተላቀቀው ብረት አሸዋው ላይ በግልጽ ይታያል። ዳኛው ከአንዱ ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተቆላልፈው መቀመጫ ሠሩለት፤ ሌሎቹ ሁለቱ ጀርባውንና እግሮቹን ደገፉ። እንዲያ ተሸክመው አሻገሩት። እኔ በአንድ እጄ ጫማውን፣ በሌላው አረንጓዴውን ብረት ይዤ አሸዋው ላይ ቀረሁ። የምረዳበት ቦታ አልነበረኝም፤ ስምንት እጅ በቅቶት ነበር።

ሲመልሱትም በእጃቸው ነው። ዳኛው ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በየጁምዓው ጥራን» አሉኝ። እፎይ አልኩ። ነገሩ ያለ እኔ መላ አገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ከእንግዲህ አትጥራቸው።»

«ለምን አባዬ? እነሱ እኮ ደስ ብሏቸው ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በሰው እጅ መቀመጥ ክብር ነው። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ያው ሸክም ነኝ።» ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «አንተ ስትጨርስ እሄዳለሁ።»

ዳኛው ሁለት ጁምዓ ተከታትለው መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ መርቆ መለሳቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሞከርኩ። ወፈር ያለ ብረት በየድኩ፤ ባዶውን እንኳ አራት ሰው ማንሣት አቃተው። ከእንጨት ሠራሁ፤ ጥላ ውስጥ ወራት የቆየ እንጨት ነው፣ ራሴ ተቀምጬበት የሰፈር ጎረምሶች ተሸክመውኝ አይተናል፣ ምንም አልሆነም። ግን አባቴን ላስቀምጥበት ስል መልሼ ወደ ጋራዡ አስገባዋለሁ። በርጩማውም ያን ቀን ምንም አልሆነም ነበር። እንጨቱን ፈታሁትና ለመደርደሪያ አደረግኩት። አባቴ «ስትጨርስ» ያለውን ነገር እንዴት እንደሚጨርሱት አላውቅም።

በቅርቡ አንድ ጁምዓ ጧት የጎረቤት በር ማጠፊያ ተሰብሮ ላቃናላቸው ግራይንደሩን አስነሣሁ። ጩኸቱ እስከ ቤት ይሰማል። ብዙም አልቆየሁም። ውሃ ልጠጣ ወደ ቤት ስገባ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ባለቤቴን ውሃ አስቀርቦ ውዱእ አድርጓል። ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል፤ ኮፍያውን አድርጓል፤ ጫማውን አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስደርድሯል።

«ደረሰ?» አለኝ።

«ገና ነው፣ አባዬ።»

«አብሽር፣ ጊዜ አለን» አለና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ቀን ግራይንደር አላስነሣም።