አባቴ የገነባው ግማሽ ክብ

ዝናብ አሮጌ ግንብ ሲመታ ኖራ ይሸታል፤ ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር አባቴ በአፍንጫዬ ገብቶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ግንበኛ ነበር። ዕድሜውን በጣና ዳር ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲገነባ ኖሮ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው ትንሿ ከተማችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ ተቀጠረና፣ እንደ ልማዱ መሐል ላይ ችካል ተክሎ፣ ገመድ አስሮ፣ እየዞረ መሬቱን በኖራ አሰመረ።

የካቶሊኩ ቄስ መጥተው አይተው ሳቁ። «አያ ደሴ፣ የእኛ እኮ ባለ አራት ማዕዘን ነው!»

«እግዜር ማዕዘን ውስጥ ተወሽቆ ይቀመጣል እንዴ፣ አባ?» አላቸው።

ተከራክረው ተከራክረው፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ከመንበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ብቻ ግማሽ ክብ እንዲሆን ተስማሙ። በጋውን ሙሉ ጥቁር ድንጋይ ሲጠርብ ይውል ነበር። ጎረቤታችን አያ ሞላ ታዲያ በደጃችን ባለፈ ቁጥር፣ «ደሴ፣ መቼ ነው የምትኮተልከው?» እያለ፣ ካቶሊክ ልትሆን ነው ብሎ ይወጋው ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን እዚያው አባቴ የሠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቄሱ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ልጅህን ላክልኝ፣ ሃይማኖቱን አልነካበትም» ቢሉት፣ አባቴ ወደ አያ ሞላ ደጅ አየት አድርጎ፣ «ጉልበቴን ሸጥሁልዎ፣ ልጄን ግን አልሸጥም» አለ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ከግማሽ ክቡ ሥር ቁጢጥ ብዬ ልጆቹ «ሀ ሁ» ሲሉ እሰማ ነበር፤ የክፍሉን መስኮት አባቴ ከፍ አድርጎት ስለ ነበር ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላይም ነበር።

በዓመቱ ያው አያ ሞላ የገዛ ልጁን እጁን ይዞ እዚያው ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁም ሳይኮተልክ ተምሮ ወጣ፤ ዛሬ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ቢሮ ተቀምጦ ይፈርማል። እናቴ ያን ቀን፣ «አሁንስ?» ብትለው፣ አባቴ፣ «አንዴ ተናግሬያለሁ» አለ። እሱ ቃሉን ጠበቀ፣ እኔ ደነቆርሁ።

ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ሸብቶ፣ እሱም አፈር ከገባ በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘኖች በየክረምቱ እየተሰነጠቁ በሲሚንቶ ይለጠፋሉ፤ ግማሽ ክቡ ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። አሁንም ወደዚያ ስሄድ ከሥሩ እቀመጣለሁ። ያኔ የልጆቹን «ሀ ሁ» እየተከተልሁ አጉረመርም ነበር፣ ዛሬ ፊደሉን እቀድማቸዋለሁ፤ «አባዬ፣ ስማኝ» የምለው ሰው ግን የለም።