የኮኪት ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ለማስተማር በተመደብኩበት ደጋ ከተማ፣ የምኖርበት ክፍል የብረት ምድጃ ከጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ጥቁር ቅጥራን ያንጠባጥብ ጀመር። ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ቆላ ከተማችን ኮኪት ወደነበረው የአባቴ ዳቦ ቤት መለሰኝ።

የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር። ሠራተኞቹ ዳቦ ይጠብቃሉ፤ እንጨቱን ግን ዝናብ መቶታል። አባቴ እንጨቱ ቶሎ እንዳያልቅበት ጭስ ማውጫውን በቆርቆሮ ከደን እያደረገ እሳቱን ሲያፍን ሰንብቷል። ያን ቀን ቆርቆሮውን ሲያነሳው ከታፈነው ጭስ በቱቦው ውስጥ የተጋገረው ቅጥራን ተያያዘ፤ ቱቦው እንደ ትራክተር አጓራ፤ ከአናቱ ነበልባል ወጣ። አጠገባችን ሠራተኞቹ የሚያድሩበት የሣር ዳስ አለ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ልትፈጀን ነው?» አለች እናቴ።

አባቴ የምድጃውን አፍ በእርጥብ ጆንያ ደፈነ። ሠራተኞቹ ዳሱን በውኃ አራሱት። እሳቱ ሲሞት አንዱ ጎጃሜ፣ «ጋሼ፣ ዳቦ ጋግሩልን አልን እንጂ እኛን ጥበሱን አልን?» አለ።

አባቴ አልሳቀም። «ያፈኑት እሳት ቂሙን አይረሳም» ብሎ ተቀመጠ። ልጅ ነበርኩና እሳት በእውነት የሚያስታውስ መስሎኝ ምድጃውን ለብዙ ጊዜ ፈራሁት።

አሁን እኔም ከማስተማር ደክሞኝ ስገባ፣ እንጨት ለመቆጠብ ምድጃዬን ሳፍን ከርሜአለሁ። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ቱቦውን ነቅዬ ቅጥራኑን በዱላ ፋቅሁ፤ ከእንጨቱም ደረቅ ደረቁን መርጬ፣ ሳላፍን ለኮስኩ።