የፍራሽ ሻጩ አራተኛ ክፍል

ወንድሜ ከአገር ሲወጣ የተወልኝ አደራ አንድ ብቻ ነበር፤ የጀመርነውን የኮምፒውተር ጨዋታ እንድጨርስ። ጨዋታው ባለጌ ነበር። ለስለስ ያለ ቃል ብዙ ፈልጌለት አላገኘሁም።

ነገሩ የተጀመረው ሰቆጣ ገበያ አጠገብ በነበረች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቱ የወንድሜ አብሮ አደግ ነበር። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እስከ ሰቆጣ ድረስ በአውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ አመጣው። ሲከፍተው ማን እንደጫናቸው የማይታወቅ ሦስት ጨዋታዎች ውስጡ ተገኙ። የአንድ ታሪክ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። ባለታሪኩ ፍራሽ ተሸክሞ ከቤት ቤት የሚዞር፣ ቦርጫም፣ በደረሰበት ሁሉ ሴት የሚመኝ ነጋዴ ነው። በር ያንኳኳል፣ ይለማመጣል፣ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የሚዋረደው እሱ ነው። አንዷ ሱሪውን ደብቃ ጓሮ ትቆልፍበታለች፤ ሌላዋ ማታ ትመጣለህ ብላ ቀኑን ሙሉ እንጨት ስታስፈልጠው ውላ ለባሏ ታስረክበዋለች። የተጫዋቹ ሥራ በየቤቱ ያለውን ዕቃ እየለቀመና ሰዎችን እያናገረ ሰውዬውን ከገባበት ጉድ ማውጣት ነው።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። መዝገበ ቃላት ውስጥ የሌለ ቃል ሲያጋጥመኝ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ከወንድሜ ሳቅ እረዳለሁ። እሱ እንግሊዝኛው ደካማ ነው፤ ግን ሥዕሉን አይቶ ሰውዬው ምን ሊል እንደሚችል ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። እኔ ትርጉሙን በጆሮው እነግረዋለሁ፤ እሱ ወገቡን ይዞ፣ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ፣ በፍራሽ ሻጩ ድምፅ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል። መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ ከፃግብጂ ወረዳ የመጡ ሰዎች እንኳ የመጡበትን ረስተው ከኋላችን ይቆሙ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ያለቀው ሰውዬው ፍራሹን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ነው፤ ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል። አብሮ አደጉ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አራተኛውን ይጠይቅ ነበር። በመጨረሻ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ጨዋታው ድሮ የተሠራ እንደሆነ፣ ሠሪዎቹም ሥራቸውን ከተዉ ቆይተዋልና አራተኛ ክፍል የሚባል እንደሌለ ነገረው።

«ይቀጥላል ብለው ጠፉ?» አለ ወንድሜ። «እንግዲያው እኛ እንቀጥላለን።»

ኮምፒውተር ሲማር ለስብሰባ የሚሆን ስላይድ መሥራት አስተምረውት ነበር። የሚያውቀው ያንን ብቻ ስለሆነ ጨዋታውን በስላይድ ሠራው። አንድ ስላይድ አንድ ሥዕል ነው፤ በሩን ሲጫኑት ወደ አንዱ ስላይድ ይሄዳል፣ ውሻውን ሲጫኑት ወደ ሌላው። ሥዕሎቹን በማውዝ ሣላቸው፤ ስለዚህ የሰው ሁሉ እጅ እንደ ማንኪያ ነው። በአራተኛው ክፍል ፍራሽ ሻጩ ወደ እኛ አገር ይመጣል። ሰቆጣ ገበያ አህያ ይገዛና ፍራሹን ጭኖ ወደ ደሃና ይወጣል። አህያዋ አዋቂ ናት፤ በየትኛው ቤት ምን እንደሚጠብቀው ቀድማ ትነግረዋለች። ችግሩ የምትናገረው የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣኛን ብቻ ነው፣ ሰውዬው ደግሞ ኽምጣኛ አይሰማም። እኛ ቤት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ በዚህ ይስቅ ነበር።

ንግግሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጮክ ብዬ ማንበብ ስለማፍር ማታ ቤት ወረቀቱን እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይለዋል፤ ሲለው ካላሳቀ እሰርዘዋለሁ። ሥራችንን የተከፋፈልነው እንዲህ ነበር። ከሁሉ የተዋጣልን ሰውዬው የአንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት በር አንኳኩቶ የሚላት ነው፦ «እመቤቴ፣ ይህ ፍራሽ ለሁለት ሰው የተሰፋ ነው። ብቻዎን ከተኙበት ዋስትና የለውም።» ሴትየዋ ምን እንደምትመልስለት ግን ጠፋን። ለሳምንት ያህል ስናስብ ቆይተን ጠላ የሚሸጡትን ጎረቤታችንን ጠየቅናቸው። እሳቸው በአፋቸው የታወቁ ናቸው፤ የጠጪዎቻቸው ግማሽ የሚመጣው ለጠላው አይደለም።

የሚያጥቡትን ጣሳ ሳያስቀምጡ መለሱ። «ፍራሹን ተወውና አንተ ሂድ። ሁለተኛውን ሰው መፈለጉን ለእኔ ተወው።»

ወንድሜ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? ለሥራ ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ» አሉት።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ተነሣ። ሥዕሎቹን ጨርሶ ነበር፤ የቀረው የንግግሩ ግማሽና ድምፁ ነው። ያኔ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ማይክሮፎን አልነበረውም። «አንቺ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እኔ እዚያ ሆኜ በካሴት ቀድቼ እሰድልሻለሁ። ሰውዬውን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ» አለኝ። ከተሻገረ በኋላ በየወሩ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይደውላል። ከእናቴና ከአባቴ ጋር ከተነጋገረ በኋላ እኔ ካለሁ እኔን ይጠይቃል።

«ሰውዬው የት ደረሰ?»

«ዳገቱ ላይ ነው።»

«አሁንም? አህያዋ ሞተች እንዴ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱ ላይ ነው እያልኩት ኖርኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈተና ነበር፤ ከዚያም በላይ ከስምንት ልጆች ጋር በምኖርበት ክፍል አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የዚያን ዓይነት ንግግር መጻፍ አልሆነልኝም። በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ለክረምት ስመለስ ደወለ። ከፍልሰታ በኋላ ከሠፈራችን አንድ ልጅ ወደዚያ ሊሄድ ነው፤ በእሱ እጅ ዲስኩንና ወረቀቱን እሰድልሃለሁ አልኩት። ቃል ገባሁለት። «እንግዲያው ጉሮሮዬን ልጥረግ» አለ።

ሐምሌ ላይ አልደወለም። ሥራ ቀይሮ ይሆናል አልን።

ያን ክረምት በየቀኑ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እሄድ ነበር። ንግግሩን ጨርሼ የሌሎቹን ሰዎች ድምፅ ማስገባት ጀመርኩ፤ አብሮ አደጉ ትንሽ ማይክሮፎን ገዝቶ ነበር። የአህያዋን ድምፅ እሱ ራሱ ሆነ። ግን ልቡ ከእኔ ጋር አልነበረም። አንድ ቀን ስገባ ስክሪኑ ላይ የነበረውን ደንግጦ ዘጋው። የሰው ትከሻ ያየሁ መሰለኝ። ወጣት ወንድ ብቻውን ሲያየው የሚደብቀው ሥዕል ምን ሊሆን እንደሚችል ገመትኩና አፍሬ ዝናብ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመግባቴ በፊት እስል ነበር።

ጎረቤታችንም ተለወጡ። ባሏ የሞተባትን ሴት ድምፅ እንዲሆኑልኝ ስለምናቸው «ጾም ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። እሳቸው በጾም ቀልድ ሲያቆሙ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ይልቅ ራሴን ታዘብኩ፤ ሰዉ ቅዳሴ ሲያስቀድስ እኔ የፍራሽ ነጋዴ ብልግና እቀዳለሁ። ጠጪዎቻቸውም ስገባ ዝም ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁ ያከበሩኝ መሰለኝ። ሁሉንም ነገር በጾሙና በትምህርቴ ተረጎምኩት።

ጾሙ ሲፈታ ሻደይ ሆነ። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ፣ በየቤቱ እየገቡ ይጫወታሉ። አባቴ ጠበል ሄዶ ነበር፤ እናቴ ለእነሱ የምትሰጠውን አዘጋጅታ በር ላይ ቆማ ነበር። ከጎረቤት ሲወጡ ዘፈኑ ቆመ፤ በእኛ ደጅ ከበሮውን ብብታቸው ሥር ይዘው በፀጥታ አለፉ። ከእኛ ቀጥሎ ካለው ቤት ሲደርሱ እንደገና ጀመሩ።

«ጭቃውን ፈርተው ነው፤ ሲመለሱ ይገባሉ» አለች እናቴ። አልገቡም።

በማግሥቱ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ እንግዲህ ጾሙ ተፈታ። ዲስኩን የሚወስደው ልጅ ሊሄድ ሦስት ቀን ቀረው» አልኳቸው። የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው ተከተሉኝ። ማይክሮፎኑን አፋቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። አብሮ አደጉ ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

«ፍራሹን ተወውና አንተ ሂድ» አሉና አቆሙ።

«ቀጥሎ ‹ሁለተኛውን ሰው› ነው፣ እትዬ።»

«አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁት።» ጉሮሯቸውን ጠራረጉና አሉት፤ ከማንኛውም ጊዜ አሳምረው አሉት። እኔ ሳቅሁ። እሳቸውም ከእኔ ጋር ሳቁ። ያን ሳቅ ዛሬም አልረሳውም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ያውቁ ነበር።

አባቴ ጠበል ሰንብቶ በተመለሰ በማግሥቱ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ አጥሩ ሥር የሰው እግር ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ጎረቤቶቹ ኋላ ሆነው ማንም ሳይናገር ደጁን ሞሉት። ጎረቤታችን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት እናቴ ጮኸች። እንደዚያ ባለ ሰዓት፣ እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

ወንድሜ ከሐምሌ በፊት ሞቷል። ሲሠራ ግድግዳ ተንዶበት ነው። የቀበሩት እዚያው ነው። ወሬውን ያመጣው ከዚያ የተመለሰ ልጅ ለንስሐ አባታችን ነግሮ፣ ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። አባቴ ከጠበሉ ሳይወጣ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ የልጃገረዶቹም በዓል ሳያልፍ መርዶ እንዳይነገር ተስማሙ። ከተማው ሁሉ ለእኛ ብሎ አፉን ዘጋ። ልጃገረዶቹ ሐዘን ያለበት ቤት መዝፈን አይችሉም፤ ማለቃቀስም አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ አለፉን። ጎረቤታችን ሌላ ሰበብ ስላጡ ቀልዱን ቀለዱልኝ። ባይሉልኝ ኖሮ እጠረጥር ነበር።

አስከሬን ስላልነበረ የተለቀሰው በልብሱና በፎቶው ነው። ፎቶውን ትልቅ አድርጎ ያተመው አብሮ አደጉ ነበር። ክፈፉን ይዞ ሲገባ ፎቶው ላይ የወንድሜን ትከሻ አየሁና ያን ቀን ስክሪኑ ላይ የነበረው ምን እንደሆነ ገባኝ። ያሰብኩበትን ነገር ለእሱ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ተናድጄባቸው እንደሆነ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል። ልማዳችን ነው፣ እኔም በሌላ ቤት አይቼዋለሁ፤ የሰው መርዶ እያወቅሁ ከባለሐዘኑ ጋር ቡና ጠጥቻለሁ። የሚከብደኝ ሌላ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ሰውዬው ምን ብሎ ቢያስቀው እንደሚሻል እያሰብኩ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ደስተኛም ነበርኩ።

አርባው ከወጣ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሴ በፊት ዲስኩን ልወስድ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። እናቴ ተከትላኝ መጣች። እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም። ጥቁሯን እንደለበሰች ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ኮምፒውተሩን አየችው።

«ድምፁ እዚህ ውስጥ አለ ይላሉ» አለች።

አብሮ አደጉ እኔን አየኝ። የት እንደሰማችው ገባኝ፤ ለቅሶ ላይ ሰው ጨዋታውን አንሥቶ ነበር፤ የጎረቤታችን ድምፅ እንዳለ ሲወራ የእሱም ያለ መስሏታል።

«የለም፣ እማ» አልኳት። «የሌላ ሰው ነው ያለው። የእሱ ገና ነበር።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ራሷን ነቀነቀች። ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ክፈቺው ብቻ» አለች። ከፈትኩት። ገበያው መጣ፣ አህያዋ መጣች፣ አብሮ አደጉ በኽምጣኛ ሲያስጠነቅቅ ተሰማ። በሩ ጋ ደረስን። ሰውዬው እጁን አንሥቶ ቆሟል፤ ድምፅ የለውም።

«እዚህ ላይ ምንድን ነው የሚለው?»

«ጥሩ ነገር አይደለም፣ እማ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ፊቴን ወደ ስክሪኑ መልሼ አልኩት፤ ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። «እመቤቴ፣ ይህ ፍራሽ ለሁለት ሰው የተሰፋ ነው። ብቻዎን ከተኙበት ዋስትና የለውም።» ከእኔ አፍ ሲወጣ ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር የሰማችኝ። «ድገሚው» አለች።

ደገምኩት።

«እንደሱ አይደለም። ‹እመቤቴ› ሲል ቀስ ይላል፤ ትንሽ ይቆይና ነው የሚቀጥል። ከጓዳ ሆኜ እሰማችሁ ነበር።»

አብሮ አደጉ ማይክሮፎኑን አመጣና ፊቴ አስቀመጠው። ቀስ ብዬ፣ ትንሽ ቆይቼ፣ እንደገና ጀመርኩ።