ዘፋኙን ወደ ጓሮ የሚልክ ኤርፎን

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ እኔ ኤርፎን። ዋጋቸውን ለባለቤቴ በትክክል ነግሬያት አላውቅም። አዳማ ውስጥ እንደኔ ያበዱ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እሁድ እሁድ አንድ ጭማቂ ቤት ተገናኝተን አንዱ የሌላውን እየሞከረ ስንከራከር እናረፍዳለን።

ባለፈው ዓመት ከውጭ ያስመጣሁትን ሲሰሙ ግን ሦስቱም «ተሸውደሃል» አሉኝ። እውነትም ድምፁ እንግዳ ነው። ዘፋኙን ወደ ጓሮ ልኮ፣ ከኋላ የቆመውን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሳሎን ያስቀምጣል። እኔ የወደድኩት ለዚያው ነው። ሁሉን ልክ አድርጎ የሚያሰማ ኤርፎን አምስት አለኝ፤ ስድስተኛው ልክ ምን ያደርግልኛል? ይሄኛው የራሱ አስተያየት አለው። ስንት ጊዜ የሰማሁትን ዘፈን እንደ አዲስ ያስተዋውቀኛል፤ ጆሮዬ ላይ ካለ እስከ ባቱ ያለው መንገድ ያጥርብኛል።

የአጎቴን ካሴት የሰማሁት በዚህ ኤርፎን ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ ነበር። ቡድኑ የቀዳው አንድ ካሴት ብቻ ሲሆን፣ እሱም ላይ አንዱ ዘፈን መሀል ላይ ምቱ ይፋለሳል። አጎቴ በሰው ፊት «ድራሙ ቸኮለ» አሉ። ድራም መቺው የልብ ጓደኛቸው ነበሩ። ጓደኛቸውም በዚያው ቡድኑን ትተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ደራ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። ደራ እኮ እዚህ ቅርብ ናት።

በተራ ቴፕ ቤዙ አይለይም፤ ስለዚህ ሁላችንም አጎቴን አምነን ኖርን። ካሴቱን ወደ ስልኬ አስገልብጬ በዚያ ኤርፎን ስሰማው ግን ቤዙ ከቦታው ቀድሞ ሲገባ፣ ድራሙ ደግሞ ሊደርስበት ሲሮጥ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ሦስቴ ደጋገምኩት። ኤርፎኑን ያን ያህል ያደነቅኩበት ቀን የለም፤ ያን ያህል የፈራሁበትም። ለሰባ ዓመት ሰው «ጥፋቱ የእርስዎ ነው» ይባላል እንዴ? ሳምንት ሙሉ በኪሴ ይዤው ዞርኩ።

በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄጄ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ» አልኳቸው። ጆሯቸው ውስጥ ራሴ አስገባሁላቸው። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። የግራ እጃቸው ጣቶች ጭናቸው ላይ የጊታሩን ክሮች መፈለግ ጀመሩ።

«የኔ እጅ እኮ ነው» አሉ፣ ልክ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው።

ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ጣቶቻቸው ቆሙ።

«መልሰው።»

መለስኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ከዚያ ኤርፎኑን አውልቀው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ሊሸፍነኝ ነው የሮጠው» አሉ ቀስ ብለው።

ላጽናናቸው አፌን ስከፍት የራሳቸውን ስልክ ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ስም አልፈለጉም፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ በቃላቸው ነኩት። ደራ ላይ ስልኩ ሲነሳ ሰላምታም አላቀረቡም፣ ስማቸውንም አልተናገሩም።

«ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» አሉ።