ሰማያዊ መስኮት ያለው ቤት ፍለጋ

ከተዳርኩ ስድስት ወሬ ነበር። ባለቤቴ ከእናቴ ቤት ከቢስቲማ አምጥቶ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቱ ቤት አስገባኝ። አማቴን እፈራቸው ነበር፤ ክፉ ሆነው ሳይሆን ዝምተኛ ስለነበሩ። ሲጠሩኝ «አቤት» ከማለት በቀር የምለው አይመጣልኝም። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ውለን የምንለዋወጠው ከአሥር ቃል አይበልጥም።

ባለቤቴ ከኮምቦልቻ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ እናቱ ድንገት፣ «እኔንም ውሰደኝ» አሉት።

«የት?»

«አሰብ። የአባትህን ቤት ልየው።»

አባቱ ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። ከየመን ከመጣ ሰው አሰብ ተወልደው፣ ደሴ ወጥተው፣ ነግደው፣ ወልደው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። አማቴ ስለ ባሕር የሰሙት ሁሉ ከባላቸው አፍ ነው፤ ግን አያምኑም። «መሬቱ ጨው ነው ይለኛል። ሰው ውሃ ላይ ተንጋሎ ይተኛል ይለኛል። ወደ ጎን የሚሄድ እንስሳ አለ ይለኛል። አላህ ይርሐመውና ወሬ ማሳመር ይወድ ነበር» ይላሉ። ያመኑት አንዱን ብቻ ነው፤ ባላቸው ያደጉበት ቤት ባሕሩ ዳር እንደቆመና መስኮቶቹ ሰማያዊ እንደሆኑ።

በደርግ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአገር አገር አይኬድም። ቤት ለማየት ብንል ቀበሌ ስለማይሰጠን፣ «ለጉልበት ሕመም፣ በሙቅ አሸዋ ለመታከም» ተባለና ተጻፈ። እኔ አስታማሚ ሆኜ ገባሁበት። ጉልበታቸውንስ በእርግጥ ያማቸው ነበር።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ ባቲን ስንሻገር ሙቀቱ ተቀበለን። ጋቢና ውስጥ እኔ መሃል ነኝ፤ አማቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። አንድ ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «እናቴ፣ ደሴ ሐኪም ጠፍቶ ነው?» አላቸው።

«ሐኪምማ ሞልቷል። አሸዋ ነው የጠፋ።»

ወታደሩ ስቆ አሳለፈን። እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅሁ። ቀልድ እንደሚያውቁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሚሌ አድረን በማግስቱ በረሃውን ስናቋርጥ፣ ዓይን የሚያጭበረብር ነጭ ሜዳ መጣ። «አቁም!» አሉ አማቴ። ወርደው ከመሬቱ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። ጨው ነው። ተመልሰው ገቡ።

አሰብ ስንደርስ ባሕሩን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። ያንን ሁሉ ውሃ አይቼ አፌን ስከፍት፣ አማቴ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ እየሮጡ ነው። ጉልበት የሚያማቸው ሴትዮ! ከፊታቸው አንዲት ትንሽ ሸርጣን ትሸሻለች።

«ወላሂ ወደ ጎን ነው የምትሄድ! ኑ እዩልኝ!»

እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ቁጭ አሉና እንባቸው ወረደ። «አፉ በለኝ። ዕድሜህን ሙሉ ውሸታም ስልህ ኖርኩ» አሉ ሟች ባላቸውን፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው።

ቤቱን ፍለጋ ሄድን። መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አገኘንና ባለቤቴ የአባቱን ስም ነግሮ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ክራቸውን ጥለው ተነሡ። አብረው ነው ያደጉት።

«ቤት? የምን ቤት?» አሉ። ተገልብጣ የተቀመጠች አሮጌ ጀልባ አሳዩን። «እኔና እሱ የምናድረው እንዲህ ያለች ጀልባ ሥር ነበር። እናት አባት አልነበረውም። ደሴ የሚነግድ ሰው ይዞት እስኪወጣ ድረስ ወደብ ላይ ሲሸከም ነው ያደገ።»

«ሰማያዊው መስኮትስ?» አሉ አማቴ።

«እሱ የሀብታም ቤት ነው። ከውጭ ሆነን እናየው ነበር።»

ባለቤቴ ፊቱን አዞረ። አማቴ ጀልባዋን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «ምን ይበላ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ዓሣ። ያገኘን ቀን።»

ሽማግሌው ቤታቸው ወሰዱን። ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በእሳት የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ዳቦ አቀረቡልን። ዓሣ ቀምሰው የማያውቁት አማቴ እሾሁን እየለቀሙ ጨርሰው በሉ። ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ «ምነው ቢነግረኝ? ያለ ቤትም አገባው ነበር እኮ» አሉኝ።

«አብሽሩ፣ እማማ» አልኳቸው። ከ«አቤት» ሌላ ቃል መጀመሪያ የወጣኝ ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሰው ሳይወጣ፣ ሁለታችንም ከነቀሚሳችን ባሕሩ ውስጥ ገባን። ውሃው ለብ ያለ ነው። ጀርባቸውን በሁለት እጄ ደገፍኳቸውና ተንጋለሉ። እንደ ሕፃን ቀለሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አትልቀቂኝ» ይላሉ፤ እጄን ቀስ ብዬ ሳወጣ ግን አልሰጠሙም።

ስንመለስ ባቲን አልፈን ቀዝቃዛው አየር ሲነካን፣ አማቴ ነጠላቸውን ለእኔም ለራሳቸውም ደረቡና፣ «እናትሽ ትናፍቅሽ ይሆን?» አሉኝ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ስለ እናቴ፣ ስለ እኅቶቼ፣ ስለ ማሽላችን እያወራሁ ኮምቦልቻ መድረሳችንን እንኳ አላወቅሁም። ባለቤቴ መሪውን ይዞ ይሰማል።

በሳምንቱ አማቴ ስኳርና ሳሙና ቋጥረው፣ ራሳቸው ይዘውኝ ቢስቲማ ሄዱ።