ከበሮው ሲያቆም

የልጅ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር የሠራችውን የመጀመሪያ የፓንክ ሮክ አልበም ትናንት አሰማችኝ። ወሎ ሰፈር ካለ ስቱዲዮ ነው የቀዱት። ዘፈኑ ሁሉ ጩኸት ነው።

"እቴቴ፣ ጮኸብሽ? ልቀንሰው?" አለችኝ። እንዳትነካው ነገርኳት።

በልጅነቴ ካዛንቺስ፣ አሁን በፈረሰው ግቢያችን፣ ታላቅ ወንድሜ ሰለሞንም ከጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያ ካሴታቸውን ይቀዱ ነበር። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳውን በእናቴ ብርድ ልብሶች ሸፍነውታል። አንድ ቀን ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ገቡ። ልጃቸው በተገደለ በማግስቱ ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት ለገደለው ሰው ማልቀስ ክልክል ስለነበር ድንኳን አልተጣለም፤ ነጠላቸውን እንኳ አላዘቀዘቁም።

ወንድሜ ጊታሩን አስቀምጦ ተነሣ። "ይቅርታ እትዬ፣ ዛሬ አንጫወትም።"

"ተጫወቱ እንጂ ልጄ። ብርድ ልብሱንም አውርዱት። በእናንተ ጩኸት ውስጥ ልጄን ላልቅሰው።"

አወረዱት፤ እሳቸውም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከበሮው ሲጀምር ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ብዙነሽ ልቅሶ ተነሣ። ዘፈኑ ሲያልቅ እሳቸው አላቆሙም። ጠመንጃ የያዙ የቀበሌ ጥበቃዎች በበራችን እያለፉ ነበር። ሰለሞን ከበሮ መቺውን ጠቀሰውና ያንኑ ዘፈን እንደገና ጀመሩት። እስኪመሽ ድረስ ያንን አንድ ዘፈን ብቻ ተጫወቱ። ካሴቱ ሳይወጣ ቀረ።

ትናንት የልጅ ልጄ አልበም አብቅቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሳላስበው ወደ ግድግዳው ዞሬ አዳምጥ ነበር።

"በቃ፣ አለቀ እኮ እቴቴ።"

"ድገሚው" አልኳት።